የተረጨውን መሬት ካልተረጨው እንዴት እንለየው? በባለ አራት ጎማ ሞተር ለምንረጭ

ጠያቂ፣ ጎንደር

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ኑሮዬ ጎንደር ከተማ ሲሆን ሰሊጥና ማሽላ የማመርተው ግን ቆላ ወርጄ መተማ ነው። ከዘር በፊት የሚበቅለውን አረም በግላይፎሴት የምናጠፋው እስከ አምና ድረስ በጀርባ በሚታዘል መርጫ ነበር፤ ዘንድሮ 100 ሊትር የሚይዝ ታንከርና 6 ኖዝል (የመርጫ አፍ) ያለው ቡም (ኖዝሎቹ የተደረደሩበት አግድም ክንድ) ከባለ አራት ጎማ ሞተር ጋር ገጥመን እየረጨን ነው። ሥራው እጅግ ፈጥኗል። ነገር ግን ረጭተን ከጨረስን ሳምንት ዐሥር ቀን ቆይቶ አረሙ ቢጫ መሆን ሲጀምር፣ ከእርሻው ጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘልቁ አረንጓዴ ሰንበሮች ይታያሉ። ሁለት ጊዜ የተረጨው ቦታ ደግሞ ከሌላው ስለማይለይ፣ ምን ያህል መድኃኒት በከንቱ እንደፈሰሰ ማወቅ አልተቻለም።

በጀርባ መርጫ ሠራተኞቹ ጎን ለጎን ስለሚሄዱ አንዱ የረገጠውን ሌላው ያያል። ሞተሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ዞሮ ቢመለከት እንኳ ዋልካው አፈርና የአምናው የማሽላ አገዳ ላይ የወረደው እርጥበት አይለይለትም። መሬቱ በአንድ ጎኑ 400 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ መሐሉ ላይ ኩይሳና ጥቂት ዛፎች አሉ። የስልክ መተግበሪያ ይሻላል፣ የተረጨበትን ዳር ለማመልከት አረፋ የሚጥል መሣሪያ፣ ወይስ ሌላ ዘዴ? ለመልሳችሁ አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

የእርሻ መሣሪያ ጠጋኝ፣ አዘዞ

ወንድሜ፣ መሣሪያ ከመግዛትዎ በፊት ሾፌርዎ ከአንዱ መስመር ወደ ቀጣዩ ሲሸጋገር ስንት ሜትር እንደሚርቅ ይለኩ። ኖዝሎቹ በ50 ሴንቲሜትር ርቀት የተተከሉ ከሆነ የቡሙ ትክክለኛ የሥራ ስፋት 6 ሲባዛ በ50፣ ማለትም 3 ሜትር ነው። ከመጀመሪያው ኖዝል እስከ መጨረሻው ቢለካ ግን 2 ሜትር ከ50 ብቻ ስለሚመጣ፣ ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል።

ከዚህ የባሰው ስሕተት ውኃው መሬት ላይ የደረሰበትን የዳር ጠርዝ እንደ ድንበር መቁጠር ነው። ባለ 110 ዲግሪ ጠፍጣፋ ኖዝል ከመሬት 50 ሴንቲሜትር ከፍ ሲል፣ ርጭቱ ወደ እያንዳንዱ ጎን 70 ሴንቲሜትር ያህል ይዘረጋል። ይህ ኖዝል ሲሠራ የአንዱ ርጭት በጎረቤቱ ርጭት ላይ እንዲደረብ ታስቦ ስለሆነ፣ የመጨረሻው ኖዝል ብቻውን የሚያርሰው ጠርዝ የሚያገኘው መጠን ጎደሎ ነው። ሾፌሩ ጠርዝን ከጠርዝ ካገናኘ መስመሮቹ በ3 ሜትር ፈንታ ወደ 4 ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ በመካከላቸው ያለው አረም መድኃኒት ቢነካውም አይሞትም። መተግበሪያም ሆነ አረፋ የሚጠቅመው ይህ ቁጥር በሾፌሩ ጭንቅላት ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

ሰሊጥ አምራች፣ ገንዳ ውሃ

ከላይ የተሰጠው መልስ ትክክል ነው። እኛ የምንጠቀመው ሁለት ረጃጅም ዘንግና አንድ ገመድ ብቻ ነው። ዘንጎቹ ጫፍ ላይ ነጭ ጨርቅ ታስሮ በእርሻው ሁለት ዳር፣ አንዱ በወዲህ አንዱ በወዲያ ይተከላሉ። ገመዱ 6 ሜትር ሲሆን መካከሉ ላይ ቋጠሮ አለው። ሾፌሩ በወዲያኛው ዳር የቆመውን ዘንግ እያየ የመጀመሪያውን መስመር ይረጫል፤ እንደደረሰ ይወርድና ዘንጉን በገመዱ ሙሉ ርዝመት 6 ሜትር አሻግሮ ለሦስተኛው መስመር ይተክለዋል፤ ሞተሩን ደግሞ ቋጠሮው ላይ፣ በ3 ሜትሩ ያቆምና በወዲህ በኩል ለሁለተኛው መስመር አስቀድሞ የተተከለውን ዘንግ እያየ ይመለሳል። በዚህ ዓይነት እያንዳንዱ ዘንግ ሁልጊዜ በ6 ሜትር ስለሚራመድ አንድ ሰው ብቻውን ይሠራዋል። መሬቱ ጎብጦ ዘንጉን ከጋረደ መሐል ላይ ሦስተኛ ዘንግ ያስፈልጋል።

አንዳንዶች ዘንግ የሚይዝ ልጅ በየዳሩ ያቆማሉ፤ ይህን አልመክርም፣ መድኃኒቱ ልጁ ላይ ይርከፈከፋልና። ነፋስ ካለ ደግሞ ሥራው ነፋሱ ከሚደርስበት ዳር ተጀምሮ ነፋሱ ወደሚነሣበት ዳር ቢራመድ፣ ሾፌሩ ራሱ የረጨውን አይተነፍስም።

የሰብል ጥበቃ ባለሙያ፣ ጎንደር

ስለ ስልክ መተግበሪያው ልመልስ። የተራ ስልክ ጂፒኤስ ሰማዩ ክፍት በሆነበት ቦታ እንኳ በጥቂት ሜትሮች ይሳሳታል። ቡምዎ 3 ሜትር ስለሆነ ስሕተቱ አንድ ሙሉ መስመር ሊውጥ ይችላል፤ ስለዚህ ስልኩን መስመር አስያዥ አድርገው አይመኑት። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ የእርሻውን ወሰን ዞሮ ስፋቱን ለማወቅ፣ ታንከሩ ባለቀበት ወይም ዝናብ ሥራውን ባቋረጠበት ቦታ ምልክት ለመጣል፣ በማግሥቱም ሾፌር ቢለወጥ ከየት እንደሚቀጥል ለማሳየት ከወረቀት ይሻላል። ዘንጎቹም እዚያው ተተክለው ቢያድሩ ሁለቱ ይደጋገፋሉ።

አረፋው መጠነኛ ሙቀት ባለበት ይሠራል፤ በቆላ ፀሐይ ግን ሾፌሩ ተመልሶ ሳይደርስ ሊከስም ይችላል፣ ጨዋማ ውኃም ያደክመዋል። ከመድኃኒቱ ጋር የሚቀላቀለው ሰማያዊ የርጭት ቀለም አረንጓዴ ቅጠል ላይ ጥሩ ሆኖ ይታያል፤ አረሙ ሳሳ ባለበት ጥቁር ዋልካ ላይ ግን እምብዛም ነው።

እኔ ከሁሉም በላይ የምተማመነው ታንከሩን ነው። እያንዳንዱን ኖዝል ለአንድ ደቂቃ በጆግ ይለኩ፤ 0.8 ሊትር ቢሰጥ ስድስቱ በአንድ ላይ 4.8 ሊትር ይሆናሉ። ሞተሩ 100 ሜትር በ45 ሴኮንድ ከሄደ ፍጥነቱ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ነው። 4.8 በ600 (ደቂቃን፣ ኪሎ ሜትርንና ሄክታርን በሚያስማማው ቋሚ ቁጥር) ተባዝቶ፣ ለፍጥነቱ 8 እና ለስፋቱ 3 ብዜት ሲካፈል በሄክታር 120 ሊትር ይመጣል። እንግዲህ 400 ሜትር ርዝመት ያላቸው 6 መስመሮች 7,200 ካሬ ሜትር ስለሚሆኑ የሚጨርሱት 86 ሊትር ገደማ ነው። ታንከሩን እስከ አፉ በመሙላት ፈንታ 86 ሊትር ቢያደርጉበት፣ የመስመሩ ቁጥር ጥንድ ስለሆነ ውኃው የሚያልቀው ታንከሩ የሚሞላበት የውኃ በርሜል ባለበት ዳር ይሆናል። ስድስተኛው መስመር ሳያልቅ ታንከሩ ከደረቀ ሾፌሩ ቀስ ብሏል ወይም ኖዝል ሰፍቷል፤ ብዙ ከተረፈ ደግሞ ፈጥኗል፣ ኖዝል ተደፍኗል፣ አለዚያም መስመር ተዘሏል። ስሕተቱ ዐሥር ቀን ሳይጠብቅ በዚያው ሰዓት ይታወቃል።

ጠያቂ፣ ጎንደር

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ኩይሳው ጋር ሲደርስ ሾፌሩ ይጠመዘዛል፤ ከዚያ በኋላ መስመሩ ይጠፋል። ማሽላው ከበቀለ በኋላ ቱፎርዲ የተባለውን የአረም መድኃኒት ስንረጭስ ዘንግ መትከሉ ያስፈልጋልን?

ሰሊጥ አምራች፣ ገንዳ ውሃ

ኩይሳውን በመጀመሪያ ዙሪያውን አንድ ጊዜ ይርጩት፤ የረጩበትን ዳርም በአራት ችካል ያመልክቱ። ከዚያ በቀጥታ መስመር ሲመጡ ችካሉ ጋር ቧንቧው ይዘጋል፣ ኩይሳው ታልፎ ወደ ዘንጉ አቅጣጫ ሲገባ ይከፈታል። ለዛፉም እንዲሁ ነው። መዞሪያውን፣ በሁለቱም ዳር 6 ሜትር ያህል በችካል ለይተው መጨረሻ ላይ ቢረጩት ይሻላል፤ አስቀድሞ ከተረጨ ሞተሩ እርጥቡን ሲያቦካው ይውላል።

የሰብል ጥበቃ ባለሙያ፣ ጎንደር

ማሽላው በመስመር ከተዘራና በመስመሮቹ መካከል 75 ሴንቲሜትር ካለ፣ 4 የማሽላ መስመር ልክ 3 ሜትር ነውና ሾፌሩ አራት አራት እየቆጠረ ይሄዳል፤ ዘንግ አያስፈልገውም። በብተና ከተዘራ ግን ዘንጉ ይቀጥል፣ ያውም ከበፊቱ በበለጠ ጥንቃቄ። ከዘር በፊት ግላይፎሴት ቢደራረብ የሚከስረው ገንዘብ ነው፤ ቱፎርዲ ሲደራረብ ግን ማሽላው ራሱ ተሰባሪ ሆኖ ሊወድቅ ይችላል። ሰሊጥ ደግሞ ለቱፎርዲ እጅግ ስስ ስለሆነ፣ ነፋሱ ወደ ሰሊጡ በሚነፍስበት ሰዓት ጨርሶ እንዳይረጩ፤ ታንከሩም በደንብ ሳይታጠብ ወደ ሰሊጥ እርሻ አይግባ።

የእርሻ መሣሪያ ጠጋኝ፣ አዘዞ

አንድ ነገር ልጨምር። ሰንበሮቹ በስንት ሜትር ልዩነት እንደሚገኙ በሜትር ቢለኩልን ምክንያታቸው ይታወቅ ነበር። በየ6 ሜትሩ አንድ ሰፊ ሰንበር ካለ የተደፈነው የዳር ኖዝል ነው፤ ሞተሩ ሲመለስ ጎኑ ስለሚገለበጥ የሁለቱ መስመሮች ድፍን ጫፎች ጎን ለጎን ይገናኛሉ። በእያንዳንዱ መስመር መጋጠሚያ ላይ ከታየ ግን የሾፌሩ አያያዝ ነው።

ጠያቂ፣ ጎንደር

ሠራተኞቹ ለክተውታል፤ ከሰንበር ሰንበር 4 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው።

የእርሻ መሣሪያ ጠጋኝ፣ አዘዞ

እንግዲያው ኖዝሎቹ ደህና ናቸው፤ ሾፌሩ ጠርዝ ከጠርዝ እያገናኘ ነው። የቀሩትን ሰንበሮች በሞተር አይመለሱባቸው፤ አረንጓዴው ገና ተለይቶ እየታየ ሳለ ሁለት ሰው በጀርባ መርጫ ሰንበሩን ብቻ ተከትሎ ይጨርሰው።