ኢንተርኔቴ ከሰዓት ጀምሮ እየተጎተተ ነው፤ ነገ ኢንተርቪው አለኝ፣ ድረሱልኝ!

ሚሚ ጀሞ
ሰላም ለሁላችሁ። በጣም ቸኩያለሁ። እስከ ትናንት አሪፍ ነበር። ከዛሬ ከሰዓት ጀምሮ ግን ዩቲዩብ ዝም ብሎ ይሽከረከራል፣ ዙም ላይ ድምፄ ይቆራረጣል። ፓኬጄ 10 ሜጋ ነው፤ ፋይል ሳወርድ ግን 1 ሜጋም በግድ ነው የሚያሳየኝ። እየበሉኝ ነው አይደል? ራውተሩን አጥፍቼ አብርቻለሁ። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሥራ ኢንተርቪው አለኝ። ምን ላድርግ?

ቡና በጨው
ራውተሩን አጥፍተሽ አብሪው።

ሚሚ ጀሞ
አድርጌዋለሁ አልኩ እኮ ወንድሜ። ለትንሽ ደቂቃ ይሻለውና ያው ነው።

ናቲ ኬብል
"እየበሉኝ ነው" ያልሽው ላይ አልስማማም። ፓኬጅ የሚሸጠው በሜጋ ቢት ነው። ስታወርጂ የሚታይሽ ደግሞ ሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 10ን ለ8 ስታካፍይው 1.25 ይመጣል። 1 ሜጋ ካየሽ ደህና ነው ማለት ነው። ትናንትም ከዚህ አይበልጥም ነበር።

ሚሚ ጀሞ
እሺ ሒሳቡ ገባኝ። ታዲያ ዙሙ ለምን ይቆራረጣል?

ጋሽ መስመር
ልጆች፣ መጀመሪያ መስመሩ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ወደ መፍትሔ አይሮጥም። እኛ በዳያል አፕ ዘመን በ56 ኪሎ ቢት ኢሜይል እንልክ ነበር፤ ያኔ ትዕግሥት ነበር። ለማንኛውም መስመርሽ የመዳብ ከሆነ የቤት ስልኩን አንሺና አዳምጪ። የሚንጫጫ ድምፅ ካለ የሽቦው መገጣጠሚያ ውሃ ገብቶበታል ወይም ዝጓል። ክረምት ላይ የተለመደ ነው። ስልኩና ሞደሙ የሚለያዩበት ስፕሊተርም ይበላሻል፤ እሱን ነቅለሽ ሞደሙን በቀጥታ ሰክተሽ ሞክሪ። ፋይበር ከሆነ ደግሞ ቀዩን መብራት እዪ። ቀይ ብልጭ ብልጭ ካለ ገመዱ ተጣጥፏል ወይም ተቆርጧል። እሱን ባለሙያ ነው የሚነካው። አሁን የምትጠቀሙበትን ዲኤንኤስም ወደ ጎግሉ 8.8.8.8 ቀይሪው።

ቡና በጨው
ጎረቤት ቡና ልትጠጣ ስትመጣ ፓስዎርድ ሰጥተሻት ይሆናል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ፓስዎርድ ብሎኩን በሙሉ ይዞራል። ቀይሪው፣ ከዛ አጥፍተሽ አብሪው።

ሳሮን ኤስ
ሚሚዬ፣ ከመገመት እንለካ። ላፕቶፑን በኬብል ራውተሩ ላይ ሰኪ። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ክፈቺና መጀመሪያ የራውተሩን አድራሻ ፒንግ አድርጊ፤ ፒንግ ማለት ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ በስንት ሚሊሰከንድ እንደሚመጣ መለካት ነው። አብዛኛው ጊዜ 192.168.1.1 ነው፤ ራውተሩ ጀርባ ላይ ተጽፏል። ቀጥለሽ 8.8.8.8ን። የመጀመሪያው በኬብል ጥሩ ሆኖ በዋይፋይ ግን ቁጥሩ ከፍ ዝቅ እያለ ከዘለለ ችግሩ ዋይፋዩ ነው። ሁለተኛው ብቻ ከዘለለ ወይ መስመሩ ነው፣ ወይ ቤት ውስጥ መስመሩን የሞላው ነገር አለ። ቁጥሮቹን ጻፊልን።

ሚሚ ጀሞ
ፋይበር ነው፣ ቀይ መብራት የለውም። በኬብል የመጀመሪያው 1 ሚሊሰከንድ ነው። ሁለተኛው አንዴ 70፣ አንዴ 900፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይመልስም።

ጋሽ መስመር
ዲኤንኤሱን ቀየርሽው?

ሳሮን ኤስ
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በቁጥር ፒንግ ሲደረግ ዲኤንኤስ አይገባበትም። እሱ ስምን ወደ ቁጥር ለመቀየር ነው።

ጋሽ መስመር
ለሌላ ጊዜ ይጠቅማታል ብዬ ነው።

ናቲ ኬብል
ዛሬ ቤት ውስጥ አዲስ የተገናኘ ነገር አለ? ካሜራ? ቲቪ?

ሚሚ ጀሞ
ምንም የለም። ወንድሜ ብቻ አዲስ ስልክ ገዝቶ ፎቶዎቹን እያዘዋወረ ነው። ግን እሱ እኮ ምንም አያወርድም።

ሳሮን ኤስ
አያወርድም፣ ይጭናል! ስልኩ የፎቶና የቪዲዮ ክምሩን ወደ ክላውድ እየላከ ከሆነ የመላኪያውን መንገድ ይሞላዋል። ድምፅሽም የሚሄደው በዚያው መንገድ ስለሆነ ወረፋ ይጠብቃል። አንቺ ስታወርጂ እንኳ "ደርሶኛል" የሚሉ ትንንሽ መልሶች መላክ ስላለባቸው ማውረዱም ይንቀራፈፋል። ራውተሩን ስታጠፊው ስልኩ ለአፍታ ያቆማል፣ ሲገናኝ ግን ካቆመበት ይቀጥላል። አሁን ስልኩን ከዋይፋይ አውጪና ፒንጉን ድገሚው። ወደ 70 ከረጋ አገኘሽው። ካልረጋ የሌሎቹንም ዋይፋይ አጥፊና ላፕቶፑን ብቻ አስቀሪ። ያም ሆኖ ከዘለለ መስመሩ ነው፤ አቅራቢሽ ጋ ደውለሽ እነዚህን ቁጥሮች ንገሪያቸው። "አጥፍተሽ አብሪው" ካሉሽ ቡና በጨው እዛ ተቀጥሯል ማለት ነው።

ቡና በጨው
ደሞዝ ግን አልገባም።

ናቲ ኬብል
ለነገ ደግሞ የስልክ ዳታ ገዝተሽ ሆትስፖት አዘጋጂ። መብራት ቢሄድም ያድንሻል፤ ላፕቶፑ ባትሪ ቢኖረው ራውተሩ የለውም። ከባሰ ካሜራውን ዝጊ። ድምፅ ብቻ ከ100 ኪሎ ቢት በታች ነው የሚፈልገው።

ጋሽ መስመር
ሥራው ምንድን ነው ግን? ቀጣሪ ሆኖ በአካል የማያነጋግር ሰው እኔ አላምንም።

ከፍተኛው ፎቅ
በሚሚ ጥያቄ ልግባና፣ እኔ ጋ ማታ ማታ ራሱ የራውተሩ ፒንግ በዋይፋይ 300 ይደርሳል። በኬብል ግን 1 ነው። ራውተሩ ሳሎን ቡፌው ውስጥ ነው፣ እኔ መኝታ ቤት ነኝ።

ሳሮን ኤስ
ያንተ ዋይፋዩ ነው። ከቡፌው አውጣውና ከፍ አድርገህ ግልጽ ቦታ አስቀምጠው። ማታ ጎረቤት ሁሉ ቤቱ ሲገባ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ይጨናነቃል፤ እዛ ላይ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ከሦስቱ ባዶ የሚመስለውን ምረጥ። ራውተሩ 5 ጊጋኸርዝ ካለው እሱ ይሻላል፣ ግን ግድግዳ አይወድም።

ከፍተኛው ፎቅ
ባለቤቴ ራውተሩ ቡፌ ላይ ያስጠላል ትላለች።

ቡና በጨው
እሱን ሳሮንም አትፈታውም።