የኮተቤው የግቢ ውሻችን በርሊን ፎቅ ላይ መኖር ይችላል?

ጠያቂ፦ እናት ከቬዲንግ

ጤና ይስጥልኝ። በርሊን፣ ቬዲንግ በሚባለው ሰፈር ከባለቤቴና ከ11 ዓመት ልጄ ጋር በኪራይ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። አባታችን ካረፉ ወዲህ ኮተቤ ያለው ግቢ ሊሸጥ ነው። ወንድሜም ኮንዶሚኒየም ስለሚገባ፣ አባታችን ከቡችላነቱ ጀምረው ያሳደጉትን ቡቺን የሚረከብ ሰው አጥተናል። ቡቺ ቀላ ያለ የሀበሻ ውሻ ነው፤ ዕድሜው 4 ዓመት ሲሆን፣ ቀን ከብረት በሩ ሥር ተጋድሞ ሌሊት ግቢውን ሲዞር የኖረ እንጂ የቤት ደፍ አልፎ አያውቅም።

ልጄ በስልክ ባየችው ቁጥር ለምን ወደ እኛ እንደማይመጣ ትጠይቀኛለች። መጀመሪያ ስቄ አልፌው ነበር። ነገር ግን እዚህ ከተማ ውሻ በኡባን፣ ማለትም በከተማው የምድር ውስጥ ባቡር ሲሳፈር፣ ሰዎች ቡና ሲጠጡ ከጠረጴዛው ሥር ሲያንቀላፋ፣ ባለቤቴ በሚሠራበት ቢሮ ሳይቀር ከአንዷ ሠራተኛ ወንበር አጠገብ ሲውል በየጊዜው ስለማይ፣ ሐሳቡ ውሎ ሲያድር እንደ ቀልድ መታየቱን ተወ።

የቸገረኝ ይህ ነው፦ ከተማዋ ለውሻ ትመቻለች ይባላል፤ የምትመቸው ግን እዚሁ ተወልዶ ለሠለጠነ ውሻ ብቻ ነው ወይስ እንደ ቡቺ በመጮኹ ሲመሰገን ለኖረም ጭምር? እኔ በአረጋውያን መጦሪያ በፈረቃ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት ይሠራል። የአከራዩን ፈቃድ፣ የግብሩን ጉዳይና ከኢትዮጵያ የማምጣቱን ሂደት በተግባር ያለፋችሁበት ሰዎች ብትነግሩኝ፣ ዘመድ ሲመጣም ነገሩን እንዴት እንደምትይዙት ብታካፍሉኝ እጅግ አመሰግናለሁ። «ተይው» የሚል ምክር ያለውም አይሸሽገኝ፤ ምክንያቱን ብቻ ይጨምርበት።

መልስ፦ ባለውሻው ከኖይኮልን

እኅቴ፣ በቅድሚያ የአባትዎን ነፍስ ይማር። እዚህ ከተማ ከውሻ ጋር 9 ዓመት ኖሬአለሁ። መጀመሪያ ላይ «በርሊን ውሻ ትወዳለች» ሲሉኝ ነገሩ ሁሉ ልቅ መስሎኝ ነበር፤ ስኖርበት ግን ውሻው በየቦታው የሚገባው ባለቤቱ በብዙ ግዴታ ስለታሰረ መሆኑን ተረዳሁ።

ከአከራዩ ልጀምር። የጀርመን ከፍተኛው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 በሰጠው ውሳኔ፣ አስቀድሞ በተዘጋጀ የኪራይ ውል ውስጥ ውሻና ድመትን በጅምላ የሚከለክል አንቀጽ ዋጋ የለውም። ይህ ማለት ግን እንዳሻዎ ያስገባሉ ማለት አይደለም፤ የውሻው መጠንና ጠባይ፣ የቤቱ ስፋት፣ የጎረቤቶችም ሁኔታ በየጉዳዩ ይመዘናል። ስለዚህ ውሻው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። እኔ በቃል «ችግር የለውም» ተብዬ፣ የቤቱ አስተዳዳሪ በተቀየረ ጊዜ ስድስት ወር ሙሉ ደብዳቤ ስጻጻፍ ከርሜአለሁ።

ሁንደሽቶየር የሚባለው የውሻ ግብር ለመጀመሪያው ውሻ በዓመት 120 ዩሮ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ 180 ዩሮ ነው። ከእርሱ ሌላ የበርሊን የውሻ ሕግ ማይክሮቺፕ (ከቆዳው ሥር የሚተከል መለያ)፣ በከተማው የውሻ መዝገብ መመዝገብንና ሃፍትፍሊሽት የምንለውን ኢንሹራንስ ያስገድዳል። ኢንሹራንሱን እንደ ወረቀት ጣጣ አይዩት። የቤት ውስጥ ውሻ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው። ውሻዬ እርግብ አይቶ ገመዱን ሲስብ አንድ ብስክሌተኛ ተጠልፎ ወድቆ የእጁ አንጓ ተሰብሯል፤ ኢንሹራንስ ባይኖረኝ ኖሮ ዛሬም ዕዳ ላይ ነበርኩ።

ለቡቺ ከሁሉም የሚከብደው ገመዱ ይመስለኛል። በደረጃው ላይና በባቡር ውስጥ ገመዱ ከ1 ሜትር፣ በፓርክ ውስጥ ከ2 ሜትር መብለጥ የለበትም፤ በባቡርና በአውቶቡስ ደግሞ ማውልኮርብ፣ ማለትም አፉ ላይ የሚታሰረው መከለያ ያስፈልገዋል። ብዙ ሰው ይህን ቸል ሲል ያያሉ። እኛ ግን ስንታይ ቶሎ ስለምንታይ፣ እኔ ቸል ብዬ አላውቅም። ምግብ መሸጫ ሱፐርማርኬትና የልጆች መጫወቻ አይገባም። በነጻነት የሚሮጥበት ቦታ ከፈለጉ ቴምፕልሆፍ የነበረው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ ለውሾች የታጠሩ ቦታዎች አሉ፤ ከሁሉም የሚበልጠው ግን የግሩነቫልድ ጫካ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ግሩነቫልድዜ ሐይቅ ዳር ይሂዱና ለአንድ ሰዓት ይቁሙ፤ ውሾቹን ሳይሆን ባለቤቶቹን ይመልከቱ። ዝናብ ሆነ በረዶ፣ ማንኛቸውም አይቀሩም። በጥር ወር፣ ከሌሊት ፈረቃ ሲመለሱ ያንን ማድረግ ይችሉ እንደሆነ ራስዎን ይጠይቁ።

መልስ፦ የእንስሳት ክሊኒክ ሠራተኛ፣ ፍራንክፈርት

የማምጣቱን ሂደት እኔ ላስረዳ፤ ሰው የሚሳሳተው በቅደም ተከተሉ ላይ ነውና። በመጀመሪያ ማይክሮቺፑ ይተከላል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ክትባቱ ቺፑን ከቀደመ እንዳልተከተበ ይቆጠራል። ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደም ይቀዳል፤ ደሙም የአውሮፓ ኅብረት ወደተቀበለው ላቦራቶሪ ተልኮ የመከላከያ አቅሙ በሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ኢትዮጵያ ከዚህ በሽታ አንጻር ኅብረቱ ከዘረዘራቸው አገሮች ውጭ ስለሆነች፣ ደሙ ከተቀዳበት ቀን አንሥቶ 3 ወር መጠበቅ ግድ ነው። ስለዚህ ዛሬ ቢጀምሩ፣ ሁሉም ነገር ቢቃናልዎ እንኳ ከ4 ወር በፊት አይደርስም።

በመጨረሻም በመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የተረጋገጠ የጤና የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ እርሱም ወደ ኅብረቱ ከመግባቱ በፊት ባሉት 10 ቀናት ውስጥ የተሰጠ መሆን አለበት። ወንድምዎ ይዘውት የሚመጡ ከሆነ የጽሑፍ ውክልና ይስጧቸው፤ የእርስዎና የውሻው ጉዞ በ5 ቀን ውስጥ መቀራረብ እንዳለበትም አይርሱ። አንድ ደንበኛችን ይህን ሁሉ አሟልቶ፣ ቺፑ ከክትባቱ በሁለት ቀን ዘግይቶ መተከሉ በካርዱ ላይ ስለታየ ከ«ሀ» ጀምሯል።

ጥብቅነቱ ሰውን ለማጉላላት አይደለም። እኛ አገር ልጅ ሆነን ውሻ ሲነክሰን የቤቱ ሰው ሁሉ የሚደነግጥበት በሽታ፣ ጀርመን ውስጥ ከቀበሮዎችና ከውሾች ከጠፋ ቆይቷል፤ አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ነጻ ተብላለች። እዚህ ሰው የማያውቀውን ውሻ ጎንበስ ብሎ የሚዳስሰው ከእኛ የተለየ ደግነት ስላለው ብቻ አይደለም።

ስለ ወጪ አንድ ነገር ልጨምር። የሕክምና ዋጋ በመንግሥት ደንብ የተወሰነ ነው፤ ደንቡም እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ተሻሽሎ ከፍ ብሏል። በሌሊትና በበዓል ቀን ሐኪሙ ከመደበኛው ዋጋ እስከ 4 እጥፍ ሊያስከፍል ይችላል፤ በላዩም 50 ዩሮ የድንገተኛ አገልግሎት ክፍያ አለ።

መልስ፦ ከሽፓንዳው

እኔ «ተይው» ከሚሉት ወገን ነኝ። ቡቺን ስለምጠላ አይደለም። 4 ዓመት ሙሉ የእግር ኮቴ ሲሰማ በጮኸ ቁጥር «ጎሽ» የተባለ ውሻ፣ በአንድ ደረጃ ላይ 12 ቤት በሚወጣና በሚወርድበት ሕንጻ ውስጥ ምን እንዲሆን ይጠበቃል? የእርሱ ሥራ የነበረው ነገር እዚህ ጥፋት ነው። ከምሽቱ 10 ሰዓት፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ከ4 ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋት የጸጥታ ሰዓት ነው፤ ጎረቤት በመጀመሪያ በትሕትና፣ ቀጥሎ በደብዳቤ ይናገራል። በፈረቃ የምትሠራ ሰው ውሻ ብቻውን ስንት ሰዓት ይቆያል የሚለውን በሐቀኝነት ማስላት አለባት። የጀርመን የውሻ አያያዝ ደንብም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በቂ የውጭ እንቅስቃሴና በቀን ተደጋጋሚ የሰው ቅርበት እንዲያገኝ ያዝዛል።

ግቢ ያለው ጎረቤት ፈልገው የምግቡን ወጪ በየወሩ ቢልኩለት፣ ለእርሱ የሚበጀው ይህ አይመስልዎትም? እኔ ከሩማንያ የመጣ የጎዳና ውሻ ከመጠለያ ወስጄ ነበር። ሁለት ዓመት አሠልጣኝ ከፍዬአለሁ፤ ዛሬም በአዲስ ዓመት ዋዜማ ርችት ሲተኮስ የመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ገብቶ ነው የሚያድረው፤ እኔም አጠገቡ ትራስ ይዤ።

መልስ፦ እማማ ከሾንበርግ

ልጄ፣ የዘመዱን ነገር የመለሰልሽ ስለሌለ እኔ ልንገርሽ። ውሻ ከያዝኩ 6 ዓመቴ ነው። በእኔ ቤት ሥዕለ አድኅኖውና ጸበሉ ያለበት ክፍል በሩ ይዘጋል፤ ውሻው እዚያ ገብቶ አያውቅም። እንግዳ ስጠራ አስቀድሜ እናገራለሁ፤ ሙስሊም ጓደኛዬ ስትመጣ የመስገጃው ክፍል የተለየና ንጹሕ ነው። የሙት ዓመት ወይም የክርስትና ድግስ ሲሆን ግን ውሻው ለጀርመን ጎረቤቴ ይሰጣል። ይህን ሁሉ አድርጌም መምጣት ያቆሙ ሁለት ቤተሰቦች አሉ። አልተጣላንም፤ በስልክ ብቻ እንጠያየቃለን።

እናቴ ከደሴ መጥታ 3 ወር ተቀምጣ ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት ሳህኗን ጭኗ ላይ ከፍ አድርጋ፣ እግሯን ሶፋው ላይ ሰብስባ ነው የበላችው። እስክትሄድ ድረስ አንድ ቀን በእጇ ነክታው አታውቅም። ነገር ግን በሁለተኛው ወር እኔ ከሥራ ስዘገይ ስልክ ደውላ፣ «ያ ፍጡር በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል፤ ምን ልበለው?» ትለኝ ጀመር። መውደዷ አይደለም፤ አንድ ነፍስ ያለው ነገር እየተቸገረ ዝም ማለት ስላልሆነላት ነው። ከእንግዶችሽም ከዚህ በላይ አትጠብቂ።

ጠያቂ፦ እናት ከቬዲንግ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከሽፓንዳው የጻፉልኝን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ያሉትን አማራጭም ሞክረን ነበር። ሊረከበው ፈቃደኛ የሆነው ጎረቤት ቀን ቀን በሰንሰለት ሊያስረው እንዳሰበ ስለነገረን ተውነው። አባታችን አንድ ቀን እንኳ አስረውት አያውቁም።

አከራዩን በጽሑፍ ጠይቄአለሁ፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው። እምቢ ካለ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ደሙን ለማስቀዳት ጊዜው እንዳያልፍ ግን ቺፑን ማስተከሉን አላዘገየንም። ወንድሜ የአንገት ቀበቶና ገመድ ገዝቶ ወደ ሐኪሙ ሊወስደው ሲሞክር፣ ቡቺ ከግቢው በር እንደወጣ አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብሎ አልንቀሳቀስም አለ። ላዳ ውስጥ ተሸክሞ ነው ያስገባው። ቺፑ መጀመሪያ፣ ክትባቱ ቀጥሎ መሆኑን ሐኪሙ ፊት ቆሞ አረጋግጧል። አሁን ጠዋት ጠዋት እስከ ሱቁ ድረስ በገመድ እንዲያለማምደው ተነጋግረናል።

ልጄ ደግሞ በየትኛው ቋንቋ እንደምታዘው ከወዲሁ ትጨነቃለች። ትናንት ማታ ወንድሜ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎላት በጀርመንኛ «ኮም!» (ና!) ብላ ስትጠራው፣ ቡቺ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ አዳመጠና ወደ ብረት በሩ ሮጦ ሄዶ ይጮኽ ጀመር።