«ቀለም አይዋሽም» ስላለው ሰውዬ

ጢጣ፦
ከትናንት ማታ ጀምሮ ደሜ እንደፈላ ነው። አንድ ሰውዬ በቀጥታ ስርጭት ቁጭ ብሎ እንዲህ አለ፤ «ወሎ ውስጥ ቀዩ ሁሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። የአገሩ ባለቤት ጥቁሩ ነው። ቀለም አይዋሽም።» ከሥሩ «ልክ ብለሃል» የሚለው ሰው ብዛቱ! እናቴ ቀይ ናት። አባቴ ጥቁር ነው። የሁለቱም እትብት የተቀበረው ኩታበር ነው። የትኛቸው ናቸው መጤ? እኔ ጠይሙስ በግማሽ ጎኔ ነው እንግዳ የምሆነው? ይሄ ዝም የሚባል ነገር አይደለም።

ወረኢሉ፦
ወንድሜ አብሽር፣ ተረጋጋ። አነጋገሩ ከፍቷል። ግን ጭራሽ መሠረት የለውም አትበል። የመን ከቀይ ባሕር ማዶ ናት። ነጋዴውም ሼኹም ሲመላለስበት ኖሯል። በፈረንጆቹ 2012 የወጣ የኢትዮጵያውያን የዘረ መል ጥናት የዛሬ 3,000 ዓመት ገደማ ከአፍሪካ ውጭ ካለ ሕዝብ ጋር መቀላቀል እንደነበር አሳይቷል። እኔ አልፈጠርኩትም። ደስ ስላላለን ብቻ እውነት አይሰረዝም።

ቦሩ ሜዳ፦
ያ መቀላቀል ታዲያ ቀዮቹን ብቻ መርጦ ነው የነካው? ጥቁሮቹን ዘሎ አለፈ?

የኮምቦልቻዋ መምህርት፦
ቦሩ ሜዳ ጥሩ ቦታ ላይ ነክቶታል። ባዮሎጂ አስተምራለሁና ልጨምርበት። ወረኢሉ ያነሳው ጥናት እውነት ነው። ግን እዚያው ጥናት ውስጥ አማራውም ኦሮሞውም እጅግ ተቀራርበው ነው የተገኙት። ቅልቅሉ በሁላችንም ውስጥ አለ። የ3,000 ዓመት ነገር በስንት ትውልድ ተቦክቷል! አሁን «ይሄ ቀይ ስለሆነ የመጣው ነው፣ ይሄ ጥቁር ስለሆነ የነበረው ነው» ብሎ መለየት አይቻልም። ክፍሌ ውስጥ ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ፣ አንዱ ቀይ አንዱ ጥቁር ወንድማማቾች አሉኝ። አያቶቻቸው አንድ ናቸው። ከእያንዳንዱ ወላጅ ግማሹን በዕጣ ነው የሚወስዱት፤ ለቀለም የሚሠሩት ጂኖች፣ ማለትም የዘረ መል ቁራጮች፣ ለአንዱ በዚህ፣ ለሌላው በዚያ በኩል ወጡ። በቃ።

ባቲ ሰኞ፦
ወላሂ ሰውዬው አንድ ሰኞ ባቲ ገበያ ቢመጣ ይህን አይናገርም ነበር። አፋሩ ከቆላ ግመሉን ይዞ ይመጣል። ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው ከየአቅጣጫው ይወርዳል። በፊት ቀለም ብቻ ለይልኝ ብትለው ከጠዋት እስከ ማታ ሲሳሳት ይውላል። እኔ ተወልጄ ያደግኩበት ሆኖ እንኳ ሰው አፉን ሳይከፍት ከየት እንደመጣ አላውቅም።

ወረኢሉ፦
መምህርት፣ በአክብሮት ነው የምጠይቅሽ። ቆዳ የሚያቀላው ጂን ከውጭ ገባ ተብሎ ተጽፏል ወይስ አልተጻፈም? ስሙንም አውቀዋለሁ፤ ኤስኤልሲ24ኤ5። አዎ ወይም አይደለም በይኝ።

የኮምቦልቻዋ መምህርት፦
አዎ፣ ተጽፏል። አልሸሽም። ታሪኩ ከዓሣ ነው የሚጀምረው። መስመር መስመር ያላት ትንሽ ዓሣ አለች፤ የዜብራ ዓሣ ይሏታል። ከእነሱ መካከል መስመሯ የፈዘዘ ወርቃማ ዝርያ አለች። በፈረንጆቹ 2005 ሳይንቲስቶች የፈዘዘችበትን ጂን አገኙት። ያው ጂን ሰው ላይም አለ። አውሮፓውያን ዘንድ ሁሉም ሰው ለማለት በሚያስደፍር መጠን የሚያቀላውን ቅርጹን ይዟል። ያ ቅርጽ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የገባው ካለፉት ጥቂት ሺህ ዓመታት ወዲህ ነው። እኛ ጋም በብዛት አለ።

አሁን ደግሞ አንተ ያልጠቀስከውን ልንገርህ። በፈረንጆቹ 2017 የወጣው ትልቁ ጥናት የኢትዮጵያን፣ የታንዛኒያንና የቦትስዋናን ሰዎች ነው ያየው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪም አለበት። ቀለም የለኩት በክንድ ውስጠኛ በኩል ነው፣ ፀሐይ በማይመታው። ያገኙት ምን መሰለህ? ቆዳን የሚያቀሉም የሚያጠቁሩም ብዙ የጂን ቅርጾች ከ300,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። ይህ ሰው ከአፍሪካ ወጥቶ ዓለምን ከመሙላቱ በፊት ነው! ቅላትም ጥቁረትም እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ጎን ለጎን ነበሩ። በደቡባዊ አፍሪካ የሚኖሩት ሳን የሚባሉ ሕዝቦች ከብዙ አፍሪካውያን ቀላ ያሉ ናቸው። ዓረብ ነው ያቀላቸው?

ጢጣ፦
እልል! ይህን ነው የምፈልገው። ያ ሰውዬ ይህን ያንብብልኝ።

ወረኢሉ፦
ጢጣ አትቸኩል። መምህርት «አዎ» ብላለች። አንዱ ጂን ከውጭ ነው ብላለች። እንግዲህ የሰውዬው ነገር በከፊል እውነት ነው ማለት ነው።

ቦሩ ሜዳ፦
«በከፊል» የሚባል ነገር ከየት መጣ? ሰውዬው «ቀዩ ሁሉ» ነው ያለው። «ቀለም አይዋሽም» ነው ያለው። እኔ የምይዘው ይህችን ቃል ነው። የደቡብ ሕንድ ሰው ጥቁር ነው። ከአውስትራሊያ ሰሜን ምሥራቅ ያሉት የሜላኔዥያ ደሴቶች ሰው ጥቁር ነው። ቀለም የማይዋሽ ከሆነ እነሱ ከሱዳን ሰው ጋር የቅርብ ዘመድ ሊሆኑ ነው። አይደሉም። ቀለም ይዋሻል። ያውም ዓይን ለዓይን እያየህ።

የኮምቦልቻዋ መምህርት፦
ልክ ነው። ኤምኤፍኤስዲ12 የሚባል ጂን አለ። የሚያጠቁረው ቅርጹ እነዚያ ጋም ተገኝቷል። በዘር ግን ከእኛ እጅግ የራቁ ናቸው። ይህ ነገር ተማሪዎቼንም ሁልጊዜ ያስገርማቸዋል። አሜሪካዊው የዘረ መል ተመራማሪ ሪቻርድ ሌዎንቲን በፈረንጆቹ 1972 ያሳየው ነገር አለ። ከሰው ልጅ የዘረ መል ልዩነት 85 ከመቶ ያህሉ ያለው በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል ነው።

ወረኢሉ፦
እዚህ ላይ ያዝኩሽ። የቆዳ ቀለም ግን የተገላቢጦሽ ነው። አብዛኛው የቀለም ልዩነት በአህጉራት መካከል ነው። ይህም ተጽፏል።

የኮምቦልቻዋ መምህርት፦
በትክክል! ለዚህም ነው ለሌላው ነገር ምስክር መሆን የማይችለው። ቀለም ከሌላው ዘረ መል የተለየ ነገር ነው። ፀሐይ ናት የቀረጸችው። ጨረሩ በበረታበት ጥቁረት ፎሌት የሚባለውን ቫይታሚን ከመበላሸት ይጠብቃል። ፎሌት ለፅንስ ወሳኝ ነው። ጨረሩ በሳሳበት ደግሞ ቆዳ ቫይታሚን ዲ መሥራት ስላለበት ቀላ። አንድን ቤት በበሩ ቀለም ብቻ ውስጡ ይህ ነው ማለት አይቻልም።

ሐይቅ ዳር፦
ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። ይህ ሁሉ ጂን ለምን አስፈለገ? ቆላ ያለው በሙቀቱ ይጠቁራል፣ ደጋ ያለው በብርዱ ይቀላል። አያቶቻችን የጨረሱት ነገር ነው።

ባቲ ሰኞ፦
እትዬ፣ በሙቀት ቢሆን ኖሮ እናታችን ምድጃ ስር ከሰል ትሆን ነበር።

የኮምቦልቻዋ መምህርት፦
እትዬ ሐይቅ ዳር፣ ሙቀት ሌላ ጨረር ሌላ ነው። ደሴ ከባቲ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ወደ ላይ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት የሚባለው የፀሐይ ጨረር 10 ከመቶ ያህል ይጨምራል። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ደሴ ላይ ብርድ ብርድ እያለን ፊታችን የሚቃጠለው ለዚህ ነው። ፀሐይ ያጠቆረው ደግሞ ለልጅ አይወረስም። ከአዝመራ ስትመለሱ የጠቆረ ክንዳችሁ ክረምት ላይ መልሶ ይቀላል።

ሐይቅ ዳር፦
እሺ። ግን ልጅ ሲወለድ አታውጡት፣ ፀሐይ ያጠቁረዋል የሚሉት ነገርስ? የልጄ ሴት ልጅ እስከ ክርስትናዋ ድረስ ከጓዳ አልወጣችም። የልጄ አማት ናት የከለከለችው። «ቅላቷ ይበላሻል» እያለች።

የኮምቦልቻዋ መምህርት፦
እትዬ ይህንን ከልቤ ነው የምልዎት። ሕፃን ጠዋት ፀሐይ ይሙቅ። ፀሐይ ሳያገኝ የቀረ ልጅ አጥንቱ ይለሰልሳል፣ እግሩ ይጎብጣል። ሪኬትስ ነው። በዚህ ሁሉ ፀሐይ አገር ውስጥ ልጅ በቫይታሚን ዲ እጥረት መታመሙ ያሳዝነኛል። ለቅላት ብሎ አጥንት መስዋዕት ይደረጋል? ሜላኒን የሚባለውን የቆዳ ቀለም የሚሠራው ሴል ቁጥሩ በቀዩም በጥቁሩም ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ የሚሠሩት ሜላኒን ብዛትና ዓይነት ነው። ይዛው የተወለደችውን ቀለም ጓዳ ውስጥ መዝጋት አይለውጠውም።

ጢጣ፦
ስለ ቅላት ካነሳን ቅባቱንም እናንሳ። ታላቅ እህቴ ለሰርጓ ስትዘጋጅ ለአንድ ወር አንድ ቅባት ተቀባች። ስሙ ያልተጻፈ ዕቃ ውስጥ ነበር። ፊቷ ተቃጠለ። ቀለሟ እስካሁን ወጥ አይደለም። እነዚህ ነገሮች ውስጥ ሜርኩሪ ይገኛል፤ ኩላሊት የሚያበላሽ ነገር ነው። ያ ሰውዬ «ቀዩ መጤ ነው» ይላል፣ ሰፈሩ ደግሞ «ጥቁር ነሽ» ብሎ ያስቀባታል። ሁለቱም ወገን ሰውን በቆዳው ነው የሚመዝነው።

ወረኢሉ፦
የእህትህ አሳዝኖኛል፤ አላህ ያሽራት። ግን ከነገሩ እየወጣን ነው። የጋሞ ዋሻ ውስጥ የተገኘው ሞታ የሚሉት ሰው አለ። የ4,500 ዓመት ነው። ዘረ መሉ በፈረንጆቹ 2015 ታየ። ያ የሚያቀላ ቅርጽ አልነበረውም፤ ጥቁር ነበር። ይህስ የጥንቱ ያገሬው ሰው ጥቁር መሆኑን አያሳይም?

ቦሩ ሜዳ፦
አንድ ሰው! ያውም ከጋሞ ደጋ! ስለ ወሎ ምን ይነግረናል? ደግሞ እንግሊዝ አገር ቼዳር የተገኘው የ10,000 ዓመት ሰውም ቆዳው ጥቁር ሳይሆን አይቀርም ተብሏል። ዛሬ ያለው እንግሊዝ «አንተ ነጭ ስለሆንክ አገርህ አይደለም» ይባል? ባለቤትነት በቆዳ አይለካም። እናቴ ያረሰችው መሬት፣ የቀበረቻቸው ልጆች፣ ያወጣችው ዕድር ነው የሚመሰክርላት።

ወረኢሉ፦
ባለቤትነት በቆዳ ይለካል አላልኩም። አፌ ላይ ቃል አታኑርብኝ። «ከውጭ የገባ አለ» ነው ያልኩት። ከዚህ ፍንክች አልልም።

ጢጣ፦
«አለ» እና «ቀዩ ሁሉ» አንድ ነው? የተቆጣሁት በ«አለ» አይደለም። መጀመሪያ የጻፍኩትን መልሰህ አንብበው።

ወረኢሉ፦
አንብቤዋለሁ። አንተም እኔ የጻፍኩትን አንብብ። መምህርትም «አዎ» ያለችበትን።

ባቲ ሰኞ፦
ሁለታችሁንም ሰኞ እጠብቃለሁ። ቡና በእኔ ነው። ከመንገድ ዳር ተቀምጠን የሚያልፈውን ሰው ከየት እንደሆነ በመልኩ ትነግሩኛላችሁ፣ ከዚያ ጠርተን እንጠይቀዋለን።

ወረኢሉ፦
እመጣለሁ። ከአስር ስድስቱን ካገኘሁ ግን ይህን ክርክር እንደገና እንጀምረዋለን።

ቦሩ ሜዳ፦
በልብሱና በአነጋገሩ ሳይሆን በቆዳው ብቻ ነው። ይህ ከወዲሁ ይታወቅ።

ወረኢሉ፦
ልብስን ማን አነሳ?