የአቮካዶ ፍሬ አክስዬ የጉድጓድ ውሃ ባጣራበትስ?

ጣና ዳር፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ባሕር ዳር ትንሽ ጁስ ቤት አለችኝ። አቮካዶና ማንጎ በሚበዛበት ሰሞን የውስጡ ጠንካራ ፍሬ በማዳበሪያ ከረጢት እየሞላ ይወጣል፤ ከብት አይበላው፣ ቆሻሻ የሚያነሱት ልጆችም «ከበደን» እያሉ ያማርራሉ። የግቢያችን ጉድጓድ ደግሞ ከክረምት ወዲህ ዝገት ዝገት ይላል። ሲቀዳ ጥርት ያለ ነው፣ ባልዲ ውስጥ ሲያድር ግን ቢጫ ዝቃጭ ይተዋል። አንድ ደንበኛዬ «ፍሬውን አክስለህ አጣራበት፣ አክቲቬትድ ካርቦን የሚሉት፣ ቆሻሻ የሚስበው ከሰል፣ እሱው ነው» አለኝ። እውነት ነው?

ቤተ ሙከራ፦
ደንበኛህ ግማሹን ነግሮሃል። ከፍሬ፣ ከቡና ገለባ፣ ከኦቾሎኒ ቅርፊት ይሠራል። ግን ተራ ከሰል ቀዳዳው በቅጥራን የተደፈነ ነው። እሱን ለመክፈት ወይ ከሰሉን ከ800 እስከ 900 ዲግሪ አግለህ እንፋሎት ታሳልፍበታለህ፣ ወይ ጥሬውን ፍሬ ፎስፎሪክ አሲድ አጠጥተህ 500 ዲግሪ አካባቢ ታከስለዋለህ። በደንብ ከወጣ የአንድ ግራሙ የውስጥ ገጽ 1000 ካሬ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከተማሪዎች ጋር ስንፈትን ሜቲሊን ብሉ የሚባል ሰማያዊ ቀለም የተበጠበጠበት ውሃ ላይ ዱቄቱን ጨምረን እንንጥና እናጠልላለን። ጥሩው ውሃውን ወለል አድርጎ ያወጣዋል፤ የምድጃ ከሰል ሰማያዊውን እምብዛም አይነካውም።

ያንተ ጉድጓድ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ጥርት ብሎ ተቀድቶ ሲያድር ቢጫ የሚሆነው፣ የምጠረጥረው ብረት ነው፤ አየር ሲያገኝ ይዝግና ይዘቅጣል። ከባልዲ ባልዲ ከፍ አድርገህ አገላብጠው፣ አሳድረው፣ በአሸዋ አጥልለው። ለዚህ ከሰል ማቃጠል ትርፉ ድካም ነው። ሽንት ቤት ምን ያህል ይርቀዋል? ቢያንስ 30 ሜትር ይመከራል።

ከአዲስ ቅዳም፦
እኛ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እያከሰልን የምንኖር ነን፣ ስለ አሲዱ አላውቅም። ለሙከራ ካከሰልክ ግን፣ ወንድም ዓለም፣ እርጥብ ፍሬ እንዳትነካ። ሰንጥቀህ ፀሐይ ላይ አድርቀው፣ ክዳን ባለው የወተት ዱቄት ጣሳ ሙላው፣ ክዳኑን በምስማር ብሳውና እሳት ውስጥ ቅበረው። መጀመሪያ ነጭ ጭስ ይወጣል፣ እሱ ውሃው ነው። ቀጥሎ ዓይን የሚያስለቅስ ቢጫ ይመጣል፣ ከዚያ ቀዳዳዋ ላይ ነበልባል ይይዛል። ነበልባሉ ሲጠፋ አበቃ። ሳይበርድ ከከፈትከው አየር ሲያገኝ ይያያዝና አመድ ታቅፈህ ትቀራለህ! ቤት ውስጥ ደግሞ በጭራሽ፣ የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል።

ጣና ዳር፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ 30 ሜትር ከየት ይምጣ፣ የጎረቤት ሽንት ቤት ከአጥሩ ማዶ ነው። ታዲያ ውሃ አጋር፣ ክሎሪኑን ማለቴ ነው፣ ጨምሬበት ከዚያ በከሰሉ ባሳልፈውስ? እርስዎ ምን ይላሉ?

ቤተ ሙከራ፦
ኧረ እንዳታደርገው! አክቲቬትድ ካርቦን ክሎሪኑን ራሱ ይወስደዋል፣ ጀርሙን የሚገድል ነገር ሳይኖር ውሃው ይወርዳል። ከሰል ካለህ ከአሸዋው በኋላ፣ ውሃ አጋሩ መጨረሻ። ቶሎ ቶሎ ያልተቀየረ ከሰል ላይ ጀርም ይራባል፣ እሱንም ልብ በል። ለጊዜው የምትጠጡትን አፍሉ፣ ጉድጓዱንም አስመርምረው። ፍሬውን ግን እንዳትጥለው፤ ደረቁን አንድ ከረጢት አስቀምጥልኝ፣ ለቀለም ሙከራችን ይሆናል። ሒሳቡን ስመጣ እንነጋገራለን።