የ4ኛ ክፍል ንባብ በ10 ነጥብ ወረደ፣ ሂሳብ በ10 ጨመረ፦ ምን ብዬ ሪፖርት ላድርግ?

ጠመኔ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመደበኛ ፈተና ውጤት እየተነተንኩ ነው። አምና በ4ኛ ክፍል ከተፈተኑት 50 ተማሪዎች በንባብ ያለፉት 31 (62 በመቶ) ነበሩ፤ ዘንድሮ ከ48ቱ 25 (52 በመቶ) ናቸው። በሂሳብ ደግሞ አምና 23 (46 በመቶ)፣ ዘንድሮ 27 (56 በመቶ) አልፈዋል። የንባብ መምህሯ ትጠየቅ፣ የሂሳቡ ይሸለም የሚል ወሬ ከወዲሁ ተጀምሯል። ልዩነቱ እውነተኛ ነው ወይ? ምክንያቱንስ ከየት ጀምሮ መፈለግ ይሻላል? የእያንዳንዱ ልጅ መልስ ጥያቄ በጥያቄ፣ ስኬል ስኮሩ (የተለያዩ ፈተናዎችን ለማነጻጸር በአንድ ሚዛን የተቀየረው ነጥብ) እና ፐርሰንታይሉ (ከእኩዮቹ አንጻር ያለው ደረጃ) አለኝ።

ቁጥር ወዳድ

ሽልማቱም ወቀሳውም ይቆይ። 48 ልጆች ሲሆኑ አንዱ ልጅ ብቻውን 2 በመቶ ያህል ነው፤ ስለዚህ 10 ነጥብ ማለት የ5 ልጆች ጉዳይ ነው።

በወረቀት ሠርተው ይዩት፤ ለየዓመቱ ያለፉትን ድርሻ በወደቁት ድርሻ አባዝተው ለልጆቹ ቁጥር ያካፍሉ። 0.62 × 0.38 ÷ 50 = 0.0047፤ 0.52 × 0.48 ÷ 48 = 0.0052። ሁለቱ ሲደመሩ 0.0099፣ ስኩዌር ሩቱ 0.10 ገደማ። የልዩነቱ መደበኛ ስህተት (በአጋጣሚ ብቻ የሚመጣው የተለመደ መዋዠቅ) ራሱ 10 ነጥብ ነው ማለት ነው። «ይህስ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም» ለማለት የዚህ እጥፍ፣ ወደ 20 ነጥብ ያስፈልግ ነበር። የሂሳቡ ጭማሪም በዚሁ ስሌት ሲታይ ያው ነው። አንዱን አምነው ሌላውን መጣል አይችሉም።

ከዚህ በላይ ደግሞ የአምናዎቹና የዘንድሮዎቹ የተለያዩ ልጆች ናቸው። ትክክለኛው ንጽጽር የዘንድሮዎቹን የ4ኛ ክፍል ልጆች ራሳቸው 3ኛ ክፍል ሳሉ ካመጡት ጋር ነው። የሁለቱም ዓመት ውጤት ያላቸውን ብቻ ያስቀሩ፤ በመሃል የገቡትንና የለቀቁትን ለብቻ ይጻፉ። በፈተናው ቀን የቀሩትም እነማን እንደሆኑ ይዩ፤ ደካሞቹ በብዛት ከቀሩ የማለፍ መጠኑ ማንም ምንም ሳይማር ይጨምራል።

ያለፈና የወደቀ ብሎ መቁጠር ብዙ ነገር ይደብቃል። ከማለፊያው በ1 ነጥብ ያነሰውና በ30 ያነሰው እኩል «ወደቀ» ይባላሉ። በፈተናው መመሪያ ላይ የመለኪያው ስህተት (ያው ልጅ ደግሞ ቢፈተን ነጥቡ የሚዋዥቅበት መጠን) ምን ያህል ነጥብ እንደሆነ ተጽፎ ይገኛል፤ ከማለፊያው በላይም በታችም በዚያ ርቀት ውስጥ ያሉትን ልጆች ይቁጠሩ። የእነዚህን ዕጣ አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ ሊለውጠው ይችላል።

ፐርሰንታይል ላይ ጥንቃቄ፦ 40ኛ ማለት 40 በመቶ መለሰ ማለት አይደለም፤ ለማነጻጸሪያ ከተወሰዱት ልጆች 40 በመቶ ያህሉን በልጧል ነው። በሁለቱም ዓመት 40ኛ የሆነ ልጅ ቆሞ አልቀረም፤ ከእኩዮቹ ጋር እኩል ተራምዷል። ፐርሰንታይልን ደምሮ አማካይ ማውጣትም ስህተት ነው። መሃል ላይ ጥቂት ጥያቄ ብዙ ደረጃ ያንቀሳቅሳል፣ ዳር ላይ ግን አያንቀሳቅስም። አማካይ ከፈለጉ ከስኬል ስኮሩ ያውጡ።

ሀሁ

ቁጥር ወዳድ ያሉት እንዳለ ሆኖ፣ ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ቢሆንም እንኳ 23 ልጆች ንባብ ወድቀዋል። «ዋናውን ሐሳብ መለየት ያቅታቸዋል» የሚለውን የሪፖርት መስመር ብቻ ይዛችሁ ለወር ያህል ዋና ሐሳብ አታስተምሩ። ፈተናው የሚያሳየው መጨረሻውን ነው፤ ልጁ የት ጋ እንደተሰናከለ አይናገርም።

በመጀመሪያ የወደቁትን አንድ በአንድ ጮክ ብለው ያስነብቧቸው። ለክፍላቸው የሚመጥኑ 3 ምንባቦች፣ ለእያንዳንዳቸው 1 ደቂቃ። ቃል ላይ 3 ሰከንድ ከቆመ ይንገሩትና እንደ ስህተት ይያዙት፤ በ3 ሰከንድ ውስጥ ራሱን ካረመ ልክ ነው። ከሦስቱ ውጤቶች መሃለኛውን ይውሰዱ፤ አንዱ ምንባብ ከብዶት ወይም ቀሎት ሊሆን ስለሚችል ነው።

ቀጥሎ ሌላ ተመሳሳይ ምንባብ እርስዎ ያንብቡለትና ይጠይቁት። ሲነበብለት በደንብ የሚመልስ፣ ራሱ ሲያነብ ግን የሚንገዳገድ ልጅ ችግሩ ፊደልና ቃል መፍታት ላይ ነው። አቀላጥፎ እያነበበ ሲነበብለትም የማይገባው ደግሞ የቃላትና የእውቀት ድጋፍ ይፈልጋል። የንባብ ተመራማሪዎቹ ጋፍና ታንመር በ1986 (እ.ኤ.አ.) ያቀረቡት ሐሳብ ይኸው ነው፦ ንባብ የመፍታትና የመረዳት ብዜት ነው፤ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱ ዜሮ ነው። ሁለቱን ልጆች በአንድ የማጠናከሪያ ቡድን ማስቀመጥ የአንዳቸውን ጊዜ ማባከን ነው።

የመልስ ወረቀቱን ጅራትም ይዩ። የመጨረሻዎቹ 8 ጥያቄዎች ባዶ ከሆኑ ልጁ አልደረሰባቸውም፤ ጉዳዩ ፍጥነት ነው።

ባለ ኤክሴል

ሂሳቡን በተመለከተ ጥያቄ በጥያቄ ያለውን ይጠቀሙበት። ተማሪ በረድፍ፣ ጥያቄ በአምድ፤ ልክ 1፣ ስህተት 0። በጠቅላላ ውጤት ደርድረው ከላይ 13 ከታች 13 ልጆች ይውሰዱ (ከ48ቱ 27 በመቶ ነው)። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከላይኞቹ የመለሱትን ድርሻ ከታችኞቹ ይቀንሱ። ከ0.2 በታች ከሆነ ጥያቄው ጎበዙን ከሰነፉ አይለይም። ኔጌቲቭ ከወጣ መጀመሪያ የመልስ ቁልፉን ይፈትሹ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው።

ከዚያ የተመረጠውን የተሳሳተ ምርጫ ይመልከቱ፤ ዋናው ሀብት እሱ ነው። 402 − 178 ሲባል 376 የመረጠ ልጅ አልገመተም፤ በየቤቱ ከትልቁ አሃዝ ትንሹን ቀንሷል (መልሱ 224 ነው)። 1/3 + 1/4 ሲባል 2/7 ያለ ላይኛውን ከላይ፣ ታችኛውን ከታች ደምሯል። እነዚህ የተማሯቸው ስህተቶች ናቸው፤ መልመጃ ብቻ ማብዛት ያጸናቸዋል እንጂ አያርማቸውም።

የቃላት ፕሮብሌም ላይ ደግሞ ይህን ይሞክሩ፦ «አንዲት ልጅ 12 እርሳስ አላት፤ ከወንድሟ በ5 ትበልጣለች። ወንድሟ ስንት አለው?» 17 የሚሉት «ትበልጣለች» ሲባል መደመር ነው ተብለው የተማሩ ናቸው። ሲያነቡላቸው 7 የሚሉ ከሆነ ግን ችግሩ የሂሳብ ሳይሆን የንባብ ነው፣ ወደ ሀሁ ይመልሷቸው።

ጠመኔ

እጅግ አመሰግናለሁ። አንድ ቀረኝ፦ ባለፈው ዓመት የመጨረሻዎቹ 10 ልጆች ማጠናከሪያ ወስደው ዘንድሮ ሁሉም ማለት ይቻላል ነጥባቸው ጨምሯል። ይህን በሪፖርቱ ላስገባ?

ቁጥር ወዳድ

ያስገቡ፣ ግን «በማጠናከሪያው ምክንያት» የሚለውን ይተዉ። ዝቅተኛ ስላመጡ ብቻ የተመረጡ ልጆች፣ ያን ቀን ዕድል የከዳቸውም ስላሉባቸው በሚቀጥለው ፈተና ምንም ባይደረግላቸውም በአማካይ ከፍ ይላሉ። ከእነሱ ቀጥሎ ያሉትን፣ ማጠናከሪያ ያልወሰዱትን 10 ልጆች ጭማሪ አጠገቡ ያስቀምጡ። የመጨረሻዎቹ ይበልጥ ዝቅ ብለው ስለነበር በጭማሪው መጠነኛ ብልጫ ማሳየታቸው አይቀርም፤ ጭማሪያቸው ከዚያም እጅግ የራቀ ከሆነ ያን ጊዜ ለመነጋገር ይበቃል።

ባለ ኤክሴል

አራት ምርጫ ያለው 40 ጥያቄ ከሆነ በግምት ብቻ 10 ይገኛል፣ ሦስት ከፍ ወይም ዝቅ ማለትም ያለ ነው። ከእነዚያ 10 ልጆች አምና 9 እና 11 ያመጡት ካሉ ያ ነጥብ የእውቀታቸው መነሻ አይደለምና ከሌሎቹ ለይተው ይጻፏቸው።