ያልተላከ ትዕዛዝ ላይ ስልክ ቁጥር የሚይዝ ፕለጊን፦ ገዢዋ ሳትፈቅድ ቁጥሯ እንዴት እኔ ጋ ደረሰ?

የኮዬዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ከእናቴ ጋር የአጥሚት እህል፣ በሶና ሽሮ እናዘጋጃለን፤ እናቴ ትቆላለች፣ እኔ አስፈጫለሁ፣ ታናሽ ወንድሜ በሞተር ያደርሳል። ዌብሳይቱን ዩቱብ እያየሁ በዎርድፕረስ የሠራሁት እኔው ነኝ፤ ጉድ ካለበት ስድቡ የኔ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ወንድሜ የሳይቱን ማስተዳደሪያ ገጽ (ዳሽቦርዱን) ሲነካካ «ያልተጠናቀቁ ትዕዛዞች» የሚል ዝርዝር አገኘ። ስም አለ፣ ስልክ አለ፣ ሰፈር አለ፣ የተመረጠው ዕቃም አለ። አንዷ ጋ «የአራስ አጥሚት፣ 2 ኪሎ» ይላል። እሱ ኔትወርክ ተቋርጦባት የቀረች መስሎት ደወለ። ስልኳ ሳሎን ቻርጅ ላይ ነበርና ያነሱት አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው። «እማማ፣ ለአራሷ ያዘዛችሁት አጥሚት ሳይላክ ቀርቶ ነው፤ ዛሬ ላምጣው?» ይላቸዋል። «የማን አራስ?» አሉት።

አማቷ ናቸው። ልጅቷ እርጉዝ መሆኗን ከባሏ በቀር ለማንም አልተናገረችም።

ማታ ራሷ ደወለችልኝ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «እዘዝ የሚለውን አልተጫንኩትም። ከነማድረሻው ስንት እንደሚመጣ ለማየት ነው የገባሁት። ቁጥሬን ከየት አመጣችሁት?» አለችኝ። ምን ልበላት? እኔም አላውቅም።

በኋላ ሳየው ለገና የቅናሽ ኩፖን ብዬ የጫንኩት ነፃ ፕለጊን (ሳይቱ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ነው። የማስተካከያው አራተኛ ገጽ ላይ፣ በእንግሊዝኛ፣ ያልተጠናቀቀ ትዕዛዝ መዝግብ የሚል፣ አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን አለ። እኔ አልነካሁትም፤ ሲጫን በርቶ ነው የመጣው። አሁን 143 ቁጥር ይዟል። እንዴት ነው የሚጠፋው? ፕለጊኑን ባነሳው ይበቃል?

ብሎን ፈቺ፦
አስማት የለውም። ፕለጊኑ ክፍያ ገጹ ላይ ትንሽ ጃቫስክሪፕት፣ ማለትም ገዢዋ ስልክ ላይ የሚሠራ ኮድ፣ ያስቀምጣል። ገዢዋ ቁጥሯን ጽፋ ወደሚቀጥለው ሳጥን ስትሻገር የጻፈችው በዚያው ቅጽበት ወደ ሰርቨርሽ ሄዷል። የማዘዣው ቁልፍ ለዚህ ነገር ጌጥ ነው።

የሚያሳዝነውን ልንገርሽ። የዎርድፕረስ የፕለጊን ማውጫ መመሪያ 7ኛው ነጥብ ፕለጊኖች ያለ ፈቃድ መረጃ ወደ ውጭ ሰርቨር እንዳይልኩ ይከለክላል። ያንቺው ግን፣ እንደነገርሽን ከሆነ፣ ወደ ውጭ የሚልከው የለም፤ አንቺው ዳታቤዝ (የሳይትሽ መረጃ ማከማቻ) ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ መመሪያው አይይዘውም፤ ሰብሳቢዋ አንቺ ሆነሽ ተገኘሽ ማለት ነው።

ፕለጊኑን ዲአክቲቬት ማድረግ (ሥራውን ማስቆም) መቅዳቱን ያቆመዋል እንጂ የተቀዳውን አያጠፋም። ብዙ ፕለጊኖች ሲነቀሉም ሰንጠረዣቸውን ጥለው ነው የሚሄዱት። መጀመሪያ ከዝርዝሩ 143ቱንም ሰርዢ፣ ከዚያ ፕለጊኑን አንሺ፣ ከዚያ ዳታቤዙ ውስጥ ገብተሽ በስሙ የቀረ ሰንጠረዥ እንዳለ እይ። የቆየ ባክአፕሽንም (የሳይትሽን መጠባበቂያ ቅጂ) አትርሺ፤ እሱን መልሰሽ የጫንሽ ቀን ሁሉም ቁጥር ተመልሶ ይመጣል። ዎርድፕረስ ከ4.9.6 ጀምሮ የራሱ የግል መረጃ ማጥፊያ አለው፣ ግን ሰውን የሚፈልገው በኢሜይል ወይም በተጠቃሚ ስም ነው። የኛ ሰው የሚሰጠው ስልክ ስለሆነ ብዙም አይጠቅምሽ።

ሌላው፣ ልጅቷ ቁጥሯን የጻፈችው ማድረሻውን ለማወቅ ብላ ነው። ለምን ዋጋውን ቀድመሽ አታሳያትም?

ባለቡቲክ፦
እህቴ፣ በአንዲት ልጅ ምክንያት ገበያሽን አትዝጊ። እኔ አያት ጋ ልብስ እሸጣለሁ፤ ከእንዲህ ዓይነት ዝርዝር ደውዬ ስንቱን ሸጫለሁ። ሱቅ ገብታ ዋጋ ጠይቃ የምትወጣን ሴት «ነይ እንጂ፣ እንነጋገራለን» ብለን አንጣራም? ያው ነው። የናንተ ስሕተት አደዋወሉ ላይ ነው፤ ያነሳው ሰው ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ዕቃውን መናገር አልነበረበትም።

የኮዬዋ፦
አደዋወሉ ላይ ልክ ነህ፣ ወንድሜም ተቀብሏል። መጣራቱ ላይ ግን አልስማማም። ሱቅህ የገባችው ሴት ስትጣራ ትሰማሃለች፣ ፊትህን አይታሃለች፣ ካልፈለገች ትሄዳለች። ይቺ ግን እያየናት እንደሆነ አታውቅም። አንተ ዋጋ ጠይቃ የወጣችን ሴት ቤቷ ድረስ ተከትለህ ለአማቷ ትነግራለህ?

ባለቡቲክ፦
እሱስ አልነግርም። እሺ፣ አጥሚትና ሱሪ አንድ አይደለም።

ሰነድ ክፍል፦
የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ በሥራዬ ምክንያት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አንብቤዋለሁ። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ጤናን የሚነካ መረጃ ከተራው በላይ ጥንቃቄ ከሚፈልገው ወገን ነው፤ «የአራስ አጥሚት» ከስልክ ቁጥር ጎን ሲቀመጥ ምን እንደሚናገር አንቺው አይተሽዋል። ስለዚያ አስቀድሞ ምልክት ስለተደረገበት ሳጥን ደግሞ፣ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በፈረንጆች ጥቅምት 2019 ስለ ኩኪ በቀረበለት ጉዳይ ቀድሞ የተሞላ ሳጥን ፈቃድ አይባልም ብሏል። ያ የነሱ ሕግ ነው፤ ግን ፍራንክፈርት ሆና አዲስ አበባ ላለች እህቷ የምታዝዝ ደንበኛ ካለሽ አንቺንም ሊመለከትሽ ይችላል። ያንቺው ነገር ከዚያም ይብሳል። እዚያ ተጠቃሚው ቢያንስ ሳጥኑን አይቶታል፤ እዚህ ሳጥኑ የታየው ለሻጯ ነው፣ እሷም አላየችውም።

የኮዬዋ፦
«እሷም አላየችውም» የሚለው አንጀቴን በላው።

ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ቅዳሜ ሌሊት፣ ሰፈራችን መብራት ከመጣ በኋላ፣ ዝርዝሩን ሰረዝኩ፣ ፕለጊኑን ነቀልኩ። ብሎን ፈቺ እንዳልከው ሁለት ሰንጠረዥ ቀርቶ ነበር፤ ዳታቤዝ ስከፍት የመጀመሪያዬ ስለሆነ እጄ እየተንቀጠቀጠ አጠፋሁት። ባክአፑንም እንደ አዲስ ወሰድኩና የድሮውን ጣልኩ። የማድረሻ ዋጋ በየሰፈሩ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን፣ ቃሊቲ እያልኩ፣ ዕቃው ገጽ ላይ ጻፍኩት፤ አሁን ስልክ ሳይሰጡ ያዩታል። ከስልኩ ሳጥን ሥር ደግሞ «ቁጥርዎ ወደኛ የሚደርሰው ሲያዙ ብቻ ነው» ብዬ በአማርኛ አስገባሁ። ከመጻፌ በፊት በወንድሜ ስልክ ግማሽ ድረስ ሞልቼ ወጣሁና እውነት መሆኑን አየሁ።

ለልጅቷ የሆነውን እንደሆነ ጽፌ፣ እንዳጠፋሁትም ነግሬ ይቅርታ ላክሁላት። «እሺ» ብቻ ብላ መለሰች። ወንድሜ ግን አላስቻለውም፤ «2 ኪሎውን በነፃ ላድርስላት፣ ሰፈሯ ቱሉ ዲምቱ ነው» አለ። እናቴ ከምጣዱ ቀና ሳትል «ሰፈሯን እሷ ነገረችህ?» አለችው።