«የአድዋ ዘመን ነው» የተባለ ሰንጢ፦ አሮጌነቱ በምን ይለያል?

የጦሳ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ባቲ የሰኞ ገበያ ላይ አንድ ሰንጢ ለሽያጭ ቀርቧል። ሻጩ «ከአድዋ ዘመን የተረፈ ነው» ባይ ነው። ሁለት ስለት አለው። እጀታው አጥንት ይመስላል፣ ዳርና ዳሩ ነጭ ብረት ነው። የትልቁ ስለት ሥር ላይ በአንድ ፊት «ዞሊንገን ጀርመኒ»፣ በሌላው ፊት «ሮስትፍራይ» የሚል ተመትቶበታል (ዞሊንገን በቢላ ሥራ የታወቀ የጀርመን ከተማ ነው)። ማግኔት ይይዘዋል። ስለቱ ከጫፍ እስከ ሥር ጠቁሯል። ሳልፈታው፣ እዚያው ገበያ ላይ፣ የድሮ ይሁን ዘንድሮ ተሠርቶ ያረጀ የመሰለ በምን ልወቅ? ለሚቀጥለው ሰኞ ቀጠሮ ይዘናል።

ቦርከና
አብሽር፣ ግማሹን መልስ ራስህ ጽፈኸዋል። «ሮስትፍራይ» በጀርመንኛ «የማይዝግ» ማለት ነው። ሃሪ ብሬርሊ ሼፊልድ ላይ የማይዝገውን የቢላ ብረት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው፤ አድዋ 1896 ነው። የአድዋው ወሬ እዚህ ላይ አለቀ። ሰንጢው ግን በዚህ ብቻ አስመስሎ የተሠራ አይባልም። የስድሳና የሰባ ዓመት ደህና ዕቃ ሆኖ ወሬው ብቻ የተጨመረበት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን አታምታታ።

እኔን የሚያሳስበኝ ጥቁረቱ ነው። ተራው ብረት በሎሚ፣ በሽንኩርትና በሥጋ ይጠቁራል፤ የማይዝገው ግን እንዲህ በቀላሉ አይጠቁርም። ስለዚህ ማህተሙና ቀለሙ ተጣልተዋል። በጨርቅ ትንሽ ነጭ ጋዝ አድርገህ ጥረገው። ከለቀቀ የእጅ እድፍ ነው፣ ችግር የለም። ካልለቀቀ ወይ ማህተሙ ውሸት ነው፣ ወይ ስለቱ አሲድ ቀምሷል። በአቼቶም ሆነ በባትሪ አሲድ የጠቆረ ብረት ግራጫው ወጥ ነው፤ የፊደሎቹ ጉድጓድና የጥፍር ማስገቢያው (ስለቱን በጥፍር ስቦ መክፈቻው ጎድጓዳ) ሳይቀር አንድ ቀለም ይይዛሉ። የዕድሜ ጥቁረት ደመና ደመና ይላል፣ አንዱ ጋ ሰማያዊ፣ አንዱ ጋ ቡኒ።

ማግኔቱን ስለት ላይ አትፍጀው፤ የማይዝግ የቢላ ብረትም በማግኔት ይያዛል። ዳርና ዳር ያለው ነጭ ብረት ላይ ሞክረው። በድሮ ጥሩ ሰንጢ ላይ ያ ብዙውን ጊዜ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ስለሆነ አይያዝም። ከተያዘ ብረት ነው፤ ቀለም የተቀባ ከሆነ ጠርዙ ላይ ተልጦ ታየዋለህ። «ብር ነው» ቢልህ ደግሞ በቅይጡ ውስጥ ብር የሚባል ነገር የለም።

ሐይቅ ዳር
ቦርከና ያለው ትክክል ነው። እኔ ግን ከቀለም ይልቅ መሳሉን አምናለሁ፤ ቀለም በአንድ ሌሊት ይመጣል።

ለዓመታት የተሳለ ስለት ጎኑ ይጠባል። የጥፍር ማስገቢያው ከቦታው አይንቀሳቀስምና የስለቱ አፍ ወደ እሱ ይጠጋል፤ ሥሩ ጋ ድንጋይ ያልደረሰበት ቦታ እንደ ደረጃ ወጣ ብሎ ይቀራል። ትልቁ ስለት ከትንሹ በላይ መበላት አለበት፣ ሥራው የሱ ነውና። እጀታው አልቆ ስለቱ ሙሉ ከሆነ፣ ወይም ሁለቱም እኩል ካለቁ፣ እዚያው ተወው።

ቀጥሎ ስለቱን ክፈትና በእጅ ባትሪ የእጀታውን ሆድ እይ፣ ስለቱ ታጥፎ የሚገባበትን። አስመሳይ እጁ እዚያ አይደርስም። የቆየ ሰንጢ ሆዱ ውስጥ ጠጥሮ የተጋገረ አቧራና ዘይት አለ፤ በስቴኪኒ ሲጫር በጥቁር ቅርፊት ይወጣል። ዝገት ካለም ሞላውና ስለቱ በሚገናኙበት ጠባብ ቦታ ይብሳል። ውጪው ዝጎ የእጀታው የውስጥ ገበር የሚያበራ ነሐስ ከሆነ ገና ትናንት የተገጠመ ነው። ባለ ስድስት ጥርስ ኮከብ ብሎን ካየህበት ደግሞ ወሬ አያስፈልግም፤ የድሮው ችንካር በመዶሻ ተቀጥቅጦ፣ በሞረድ ከእጀታው ጋር የተስተካከለ ነው።

ማህተሙን ከላይ ብቻ አትይ። የድሮው ብረቱ ሳይጠነክር በፊት ስለሚመታ ጥልቀት አለው። በሌዘር የተጻፈ ጥልቀት የለውም፣ ጠርዙ የተቃጠለ ይመስላል። ሌላው ማታለያ ደግሞ የርካሽ ዕቃን ማህተም ሞርዶ አጥፍቶ በታዋቂ ስም መተካት ነው፦ ሥሩ ስለሚሳሳ ስለቱ ተከፍቶ ወደ ጎን ሲገፋ ይወዛወዛል፣ ከነሐሱ ጋር ያለው ክፍተትም ሰፊ ይሆናል።

ዓመቱን በተመለከተ፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የአገር ስም እንዲኖረው አዝዛለች። ስለዚህ «ጀርመኒ» የሚል ካለ በአብዛኛው ከዚያ ወዲህ ነው። «ሜድ ኢን» ከተጨመረበት ደግሞ ከዚያም የቀረበ ነው።

ቦርከና
የመጨረሻዋ ትታረም። እንግሊዝ «ሜድ ኢን ጀርመኒ» እንዲጻፍ ያስገደደችው በ1887 ነው፤ ስለዚህ «ሜድ ኢን» ብቻውን ዕቃውን አያሳንስም። «ዌስት ጀርመኒ» የሚል ከሆነ ግን ከ1949 እስከ 1990 ያለ ነው፣ ክርክር የለውም።

የጦሳ ልጅ
አላህ ይስጥልኝ። እጀታው በእርግጥ አጥንት መሆኑንስ? ሻጩ «በጋለ መርፌ ሞክረው» ብሎኛል።

ሐይቅ ዳር
መርፌውን ተው! ሴሉሎይድ ከሆነ እሳት ይይዛል፣ እጅህ ላይ ነው የሚነደው። በአውራ ጣትህ ግማሽ ደቂቃ ያህል አጥብቀህ እሸውና አሽትተው፤ ሴሉሎይድ ካፉር ካፉር ይሸታል። ሴሉሎይድ መሆኑ ደግሞ አያስጠላውም፣ ከ1870ዎቹ ወዲህ የነበረ ዕቃ ነው። ሲያረጅ በሚያወጣው ትነት አጠገቡ የታጠፈውን ስለት ይበላዋል። አጥንት ከሆነ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጎኑ ላይ ጭረት ጭረት፣ ጫፉ ላይ ነጠብጣብ የሚመስሉ ቀዳዳዎች አሉት፤ ከችንካሩ የሚነሳ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅም የተለመደ ነው። ፕላስቲክ ቀዳዳ የለውም፣ ዳሩ ላይ የቅርጽ ማውጫው መስመር ይቀርበታል።

ቦርከና
ሰኞ ስትሄድ ነጭ ጋዝ የነካ ጨርቅ፣ ማግኔት፣ ስቴኪኒና የእጅ ባትሪ ይዘህ ሂድ። ሁሉንም ካለፈ በአሮጌ የጀርመን ሰንጢ ዋጋ ተደራደር፣ ለአድዋ አንድ ብር አትጨምር። ከገዛኸው በብርጭቆ ወረቀት እንዳትፈገፍገው። ማጠፊያው ላይ ሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃዋል።